ቆጠራና ዘረፋ፤ የጃዝ ፒያኖ በቅኔ ቤት ሚዛን

የጃዝ ፒያኖ መቺ በታወቀ ዘፈን ላይ የራሱን ዜማ እየፈጠረ ሲሄድ የሚሰሙ ብዙ ሰዎች «ጣቱ ወደ መራው ይሄዳል» ይላሉ። ይህ አስተያየት፥ ከየጁቤ እስከ ቢቸናና ሞጣ ባለው አገር የቅኔ ትምህርት ምን እንደሚመስል ለሚያውቅ ሰው እንግዳ ነው። በዚያ አገር ወዲያው መፍጠር የልቅነት ምልክት ሆኖ አይቆጠርም፤ ምንም እንኳ ቋንቋችን ለዚሁ ሥራ «መዝረፍ» የሚል አስደንጋጭ ስም ቢሰጠው።

በቢቸና አጠገብ በምትገኘው በዲማ፥ ሐዲስ ዓለማየሁም ከተማሩባቸው ቦታዎች በአንዷ፥ የቅኔ ተማሪ አስቀድሞ የሚቀበለው ነጻነትን ሳይሆን ልክን ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት አለው፤ ዋዜማ አምስት፥ መወድስ ስምንት። ዜማውም አስቀድሞ የታወቀ ነው። ተማሪው ከሰው ተለይቶ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያም ለመምህሩ ይነግራል፥ ይታረማል። ምሥጢሩ ቢያምርም ቤቱ ካልመታ አይቆምለትም። መምህሩ ግን በጉባኤው መካከል ሊዘርፍ ይችላል፤ ይህንንም ያስቻለው የብዙ ዓመት ቆጠራ ነው። የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ መናገር ነውር ነው፤ የራስንም ቢሆን ትናንት የተነገረውን ዛሬ መድገም አያስመሰግንም።

አሁን ወደ ፒያኖው እንመለስ። «ኦተም ሊቭስ» የተባለውን፥ ጆሴፍ ኮስማ እ.ኤ.አ. በ1945 የደረሰውን ዘፈን እንውሰድ። ዘፈኑ 32 ባር ነው። ፒያኖ መቺው ዜማውን ከተወ በኋላ እንኳ የኮርዶቹን ቅደም ተከተል ይጠብቃል፤ 32ቱ ባር ሲያልቅም ከመጀመሪያው ይነሣል። ቢል ኤቫንስ ከባስ መቺው ከስኮት ላፋሮና ከከበሮ መቺው ከፖል ሞሺያን ጋር ሆኖ ይህን ዘፈን በታኅሣሥ ወር 1959 (እ.ኤ.አ.) በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ቀድቶታል፤ ሁለቱም ቅጂ ታትሟል። አከታትሎ ለሚያዳምጥ ሰው መንገዱ አንድ ነው፤ የቀኝ እጁ ዜማ ግን ሌላ ነው። በአንድ ልክ የተነገሩ ሁለት ቅኔዎች ናቸው።

እርግጥ ንጽጽሩ እስከ መጨረሻው አይሄድም። በቅኔ ዜማው ቆሞ ቃሉ ይታደሳል፤ በጃዝ ዜማው ራሱ ይታደሳል። ደግሞም ባለቅኔው ቃል እስኪመጣለት ጥቂት ዝም ቢል ይታገሡታል፤ ከበሮ ግን አይታገሥም።

በአገራችን ፒያኖ የተደረሰውን ሁሉ ጃዝ ማለትም ተለምዷል። እ.ኤ.አ. በ2023 በኢየሩሳሌም ያረፉት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ሥራዎቻቸውን በኖታ የጻፉ ደራሲ ነበሩ፤ የነጻነት ስሜት የሚሰማው በመልካም ከተቆጠረ ድርሰት ነው። እኛ ይህን ማለታችን ለማሳነስ አይደለም። የተቆጠረው ከተዘረፈው አያንስም፤ መደባለቁ ግን ሁለቱንም ይጎዳል።

የእኛ ትችት የሚያርፈው በትዝታ ላይ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ ቅኝቶቻችንን ከጃዝ ጋር ካዋሐደ ወዲህ ትዝታ ለኢትዮጵያዊ ተጫዋች፥ ኦተም ሊቭስ ለሌላው እንደ ሆነው ሁሉ፥ የጋራ ማሳ ሆኗል። ችግሩ ማሳው ድንበር የሌለው መምሰሉ ነው። ቅኝቱ አምስት ድምፅ ብቻ ስለ ሆነ የተሳሳተ ጣት ብዙም አይታወቅም፤ ከሥሩ ያለው ኮርድ አንድ ወይም ሁለት ሆኖ በዞረ ጊዜም ተጫዋቹን የሚያስገድደው ነገር ይጠፋል። አንዳንዱ ወጣት ፒያኖ መቺ በአምስቱ ድምፅ ሽቅብና ቍልቍል እየሮጠ ደቂቃዎችን ይፈጃል፤ ፍጥነቱ ያስደንቃል፥ ቤት ግን አይመታም። በጉባኤ ቤት ቢሆን መምህሩ ገና ከመጀመሪያው ሐረግ ላይ ባስቆመው ነበር።

መፈተኛው ቀላል ነው። ትዝታን በሚገባ የሚያውቅ አንድ ዘፋኝ ከፒያኖው አጠገብ ይቀመጥና መቺው ዜማውን ትቶ በሚፈጥርበት ጊዜ ሁሉ ግጥሙን በልቡ ይከተል። መቺው ሲጨርስ ዘፋኙ የትኛው ስንኝ ላይ እንደ ደረሰ ይጠየቅ።