ወረቀቱና ላሜራው

መኪና ከመግዛታቸው በፊት «እስቲ እይልኝ» ብለው ወደ ጋራዣችን የሚመጡ ወገኖቼ ብዙ ጊዜ ከዋጋውም አስቀድመው የሚነግሩኝ «ታይትሉ ክሊን ነው» የሚለውን ነው። ሲናገሩትም መኪናው ተመርምሮ ያለፈ ያህል ልባቸው አርፏል። እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከዋሽንግተን ወንዝ ማዶ የምሠራ ላሜሪስታ ነኝ። የምኖረው የተጋጨ መኪና በማቅናት፣ ስቱኮ በመለጠፍና ቀለም በመቀባት ነው። ስለዚህ ጥሩ ጥገና ምን ያህል ነገር ሊሸፍን እንደሚችል በእጄ አውቀዋለሁ፤ ያ የሰዎቹ የልብ ማረፍም ያሳስበኛል።

ታይትል አገር ቤት ሊብሬ እንደምንለው የባለቤትነት ማስረጃ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ የሚሰጠው እያንዳንዱ ስቴት ነው። ክሊን የሚባለው ሳልቬጅ፣ ሪቢልት፣ ጎርፍ ወይም ሌላ እንዲህ ያለ ምልክት ያልታተመበት ሲሆን ነው። ምልክቱ የሚታተመው ደግሞ በሒሳብ ነው። መኪና ሲጋጭ የኢንሹራንሱ ገማች ሁለት ቁጥሮችን ያስተያያል፦ መጠገኛው ስንት ይፈጃል? መኪናው ከመጋጨቱ በፊት ስንት ያወጣ ነበር? መጠገኛው ከዋጋው የተወሰነ ድርሻ ካለፈ መኪናው ቶታል ተባለ፣ ታይትሉም ሳልቬጅ ሆነ። ድርሻው ከስቴት ስቴት ይለያያል። ሜሪላንድ 75 በመቶ፣ ፍሎሪዳ 80፣ ቴክሳስ 100 በመቶ ነው። ካሊፎርኒያ ቁርጥ ያለ መቶኛ የላትም፤ የመጠገኛውና የስብርባሪው ዋጋ አንድ ላይ ተደምረው ከመኪናው ዋጋ ሲበልጡ ነው።

ይህ ሒሳብ ምን እንደሚያስከትል ልብ ይባል። 5,000 ዶላር የምታወጣ አሮጌ ኮሮላ ከፊት ለፊት መጠነኛ ምት አርፎባት ሁለት ኤርባግ ቢፈነዳ፣ ባምፐርና አንድ መብራት ቢሰበር፣ ሻንሲዋ ሳይነካ ሳልቬጅ ትሆናለች። 45,000 ዶላር የሚያወጣ አዲስ መኪና ደግሞ ሞተሩን የሚሸከመው ብረት ተጣሞ 20,000 ዶላር ቢጠይቅ እንኳ ግማሹን ስላልደረሰ ይጠገናል፤ ታይትሉም ክሊን እንደሆነ ይቀራል። የከፋው ምት ያረፈው በሁለተኛው ላይ ነው፤ ወረቀቱ ግን የሚናገረው በመጀመሪያዋ ላይ ነው።

ጨርሶ ወደ ወረቀቱ ሳይደርስ የሚቀር ጉዳትም አለ። ብዙ ሰው፣ በተለይ መኪናው ሲያረጅበት፣ የሌላውን ሰው ጉዳት ብቻ የሚከፍለውን ላየቢሊቲ ነው የሚገዛው። በራሱ ጥፋት ሲጋጭ የሚከፍልለት ኢንሹራንስ የለም፤ ገማችም አይመጣም። ከኪሱ ከፍሎ ያስጠግናል ወይም እንዳለ ይሸጠዋል፤ ታይትሉ ክሊን ነው። ብዙ መኪና ያላቸው አከራይ ድርጅቶችም አንዳንዶቹ ለገዛ መኪኖቻቸው ራሳቸው ኢንሹራንስ ስለሆኑ ጉዳቱ እዚያው ቤት ውስጥ ተስተካክሎ ሊቀር ይችላል። ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ሆን ተብሎ የሚደረገው ነው፤ ሳልቬጅ የተባለን መኪና ሕጉ ወደሚለያይበት ስቴት ወስዶ፣ ወረቀቱን አስለውጦ፣ ምልክቱ የጠፋበት አዲስ ታይትል ማውጣት። የታይትል አጠባ ይሉታል። ይህን የሚያደርገው ሰው የገዢውን ገንዘብ ይሰርቃል፤ አንዳንዴም ከገንዘብ የሚበልጥ ነገር ይወስዳል።

አጠባውን ለመከላከል በ1992 (እ.ኤ.አ.) በወጣ የፌዴራል ሕግ መሠረት ብሔራዊ የታይትል መረጃ ሥርዓት ተቋቁሟል፤ የሚመራው በፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ሥር ነው። ከ2009 ጀምሮ ማንኛውም ገዢ በተፈቀደላቸው ሻጮች በኩል በጥቂት ዶላር ሊያየው ይችላል። ኢንሹራንሶችና የስብርባሪ ግቢዎች የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው፤ አንድ ስቴት የመታው ምልክት ሌላው ስቴት ቢያጠፋውም እዚያ መዝገብ ላይ ይቀራል። የኢንሹራንስ ወንጀል መከላከያ ቢሮው ደግሞ ቪን የሚባለውን የመኪናውን መለያ ቁጥር አስገብተው በነጻ እንዲያዩ ይፈቅዳል። ካርፋክስን ሁሉም ያውቀዋል፤ ከፖሊስ፣ ከጋራዥና ከሌሎችም የደረሰውን ይሰበስባል። ሦስቱንም እመክራለሁ፤ ዋጋቸው ከአንድ ጎማ ዋጋ በታች ነው። ሦስቱም የሚያውቁት ግን የተነገራቸውን ብቻ ነው። ማታ ከግንብ ጋር ተጋጭቶ፣ ፖሊስ ሳይጠራ፣ በጥሬ ገንዘብ የተጠገነ መኪና ሦስቱም ጋ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል።

እንግዲህ ወደ ላሜራው መሄድ ግድ ነው።

መኪናን በጠራራ ቀን፣ ደርቆ፣ ከተቻለ ሳይታጠብ ማየት ያስፈልጋል። ዝናብ የነካው መኪና ሁሉ አዲስ ይመስላል። ከኋላ ጥግ ቁጢጥ ብሎ ጎኑን በርዝመቱ ሲያዩት ፋብሪካ ያወጣው ላሜራ ብርሃኑን ሳይሰብር ያሳልፋል፤ ስቱኮ ያለበት ቦታ ላይ ግን ብርሃኑ ይሞገዳል። በሮቹ፣ ኮፈኑና ፓራፋንጎው መካከል ያለው ክፍተት ግራና ቀኙ እኩል መሆን አለበት። ቀጥሎ ኮፈኑን ከፍቶ ፓራፋንጎውንና ማጠፊያውን የያዙትን ቡሎኖች ማየት ነው። በብዙ መኪኖች ላይ ፋብሪካው ቀለም የሚቀባው ቡሎኑ ከታሰረ በኋላ ስለሆነ፣ ቁልፍ የነካው ቡሎን ጠርዙ ላይ ቀለሙ ይላጣል። በአንዳንድ ሞዴሎች በኮፈን፣ በበርና በፓራፋንጎ ላይ ቪን ቁጥሩ ያለበት ትንሽ ተለጣፊ አለ። እሱ ከሌለ ወይም በምትኩ የመለወጫ ዕቃ ምልክት የሆነው «አር» ፊደል ካለ ያ ክፍል ተቀይሯል።

የቀለም ውፍረት መለኪያ ከኪሴ አይለይም። የፋብሪካ ቀለም በአብዛኛው ከ100 እስከ 150 ማይክሮን አካባቢ ነው። ከ250 በላይ ካነበበ ዳግም ተቀብቷል፤ ከ500 ካለፈ ከሥሩ ስቱኮ መኖሩን እጠረጥራለሁ። አንድ በር ዳግም ስለተቀባ ብቻ ግን መኪና አይጣልም፤ ሱፐርማርኬት ፓርኪንግ ውስጥ ጋሪ የሚጭረው መኪና ስፍር ቁጥር የለውም። የሚያሳስበኝ ቦታው ነው። በር፣ ኮፈንና የፊት ፓራፋንጎ በቡሎን የታሰሩ ናቸው፤ ይፈቱና ይለወጣሉ። ጣሪያው፣ በበሮቹ መሃል ያለው ምሰሶና የኋላው ጎን ግን የመኪናው አካል ናቸው፤ ካልተቆረጡና ካልተበየዱ አይለወጡም። እዚያ ላይ ወፍራም ቀለም ሳነብ መኪናውን ማንሻ ላይ ሳላወጣ አንድ ቃል አልናገርም።

ማንሻው ላይ ከወጣ በኋላ መጀመሪያ የማየው ከበሮቹ ሥር የሚሄደውን የላሜራ ጠርዝ ነው። ሻንሲ ማቅኛ ማሽን መኪናውን አንቆ የሚይዘው እዚያ ላይ ስለሆነ ጥርሱ ምልክት ይተዋል። ቀለም ቢሸፍነውም ጣት ያገኘዋል። ከዚያ ሞተሩን የሚሸከሙትን ሁለት ሬይሎች እከተላለሁ። ፋብሪካ የበየደው ነጥብ ክብና እኩል የተራራቀ ነው፤ በጋራዥ የተበየደው ቅርጹም ርቀቱም ይለያል፤ በላዩ የተቀባው ማሸጊያም የእጅ ሥራ መሆኑ ያስታውቃል። የዛሬ መኪኖች ምሰሶ ከቦሮን ብረት የሚሠራበት ጊዜ አለ። ይህ ብረት በእሳት ከቀና ጥንካሬው ይጠፋል፤ አምራቾቹም መለወጥ እንጂ ማቅናት አይፈቅዱም። በእሳት ቀንቶ የተቀባ ምሰሶ ከውጭ ሲያዩት ቀጥ ያለ ነው፤ ዳግም ከጎን ሲመታ ግን ሰው ላይ ይተኛል። በዚህ ሥራ ውስጥ እንቅልፍ የሚነሳኝ ነገር ካለ ይህና ኤርባጉ ናቸው።

ቁልፉ ሲከፈት የኤርባጉ መብራት ለጥቂት ሰከንድ በርቶ መጥፋት አለበት። ከናካቴው ካልበራ አንድ ሰው መብራቱን ነክቶት ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተሩን በሬዚስተር አታልሎ፣ ውስጡ ባዶ ሆኖ መብራቱ በሥርዓት እንዲጠፋ ማድረግም ይቻላል። ባዶ ካልሆነም ሌላ አደጋ አለ። የፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በ2024 ሐምሌ ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ቀድሞ ተጋጭተው ኤርባጋቸው በርካሽ ምትክ ኢንፍሌተር (ኤርባጉን በሚነፋው ክፍል) የተለወጠ ያገለገሉ መኪኖች በዘጠኝ ወር ውስጥ ሦስት ሰው እንደገደሉና ሁለት ሰው ክፉኛ እንዳቆሰሉ ገልጿል። ኤርባጉ ሲፈነዳ ብረቱ ተሰባብሮ ወደ ነጂው ይወረወራል። ስለዚህ ኤርባጉ መፈንዳቱ የታወቀ መኪና ሲቀርብልኝ፣ አዲሱ ከአምራቹ ወኪል የተገዛበትን ደረሰኝ እጠይቃለሁ። ደረሰኝ ከሌለ፣ ቢያንስ ባለሙያ ከፍቶ እስኪያየው ድረስ ልጆች አይጫኑበት እላለሁ።

ጎርፍ የነካው መኪና ሌላ ዓይነት መከራ ነው። አውሎ ነፋሶቹ፣ በ2005 ካትሪና ኒው ኦርሊንስ ላይ፣ በ2017 ደግሞ ሃርቪ ሂውስተን ላይ ሲወርዱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ መኪኖች ውኃ ውስጥ ገብተዋል። ከነዚያ መካከል ታጥበውና ደርቀው ጎርፍ ወዳልነበረበት ስቴት የሄዱ ነበሩ። ስኮርታ ጎማው የሚቀመጥበትን ጉድጓድ፣ ከወንበሩ ሥር ያለውን ሐዲድ፣ ከምንጣፉ በታች ያለውን ሽቦ ማየት ያስፈልጋል። ደለልና አረንጓዴ ዝገት እዚያ ይደበቃሉ። የደኅንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው መሳብም አይዘንጋ፤ የውኃው መስመር ተጠቅልሎ የሚቀመጠው እዚያ ነው። መኪናው ውስጥ ሽቶ ከበዛ ሻጩን ምክንያቱን እጠይቃለሁ። የጨው ውኃ የነካውን ሃይብሪድ በምንም ዋጋ አላስገዛም፤ ጉዳቱ ከወራት በኋላ ነው የሚወጣው።

ይህን ሁሉ ስናገር ሳልቬጅ ሆኖ ከተጠገነ በኋላ ሪቢልት የሚባለውን ሁሉ የምጥል ይመስል ይሆናል። ያቺ ኮሮላ ሪቢልት ብትሆን፣ ኤርባጓ ከወኪሉ ተገዝቶ ቢገጠም፣ እኔ ራሴ ለቤተሰቤ እገዛታለሁ። ተሰርቆ ኢንሹራንሱ ከከፈለ በኋላ ደኅና የተገኘ ወይም በረዶ ጣሪያውን ጎድጓዳ ያደረገበት መኪናም በዚሁ ስም ይሸጣል። ስቴቱ ሪቢልት ብሎ ታይትል ከመስጠቱ በፊት መኪናው ይታያል፤ ሜሪላንድ ውስጥ ይህን የሚያደርገው የስቴቱ ፖሊስ ነው። ምርመራው በዋናነት ቁጥሩ ትክክል መሆኑንና ዕቃዎቹ የስርቆት አለመሆናቸውን ለማረጋገጥ ነው። ብየዳው መልካም ነው ብሎ የሚፈርም የለም።

ሪቢልት የሚፈልግ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ መኪናው አይደለም። አንድ ወጣት በቅርቡ «ጋሼ፣ ዋጋው እኮ በጣም ጥሩ ነው» ሲለኝ «ኡበር ልትሠራበት ነው?» አልኩት። ሊሠራበት ነበር። ኡበርም ሆነ ሊፍት ሳልቬጅና ሪቢልት ታይትል አይቀበሉም፤ ይህን ሳያውቁ ገንዘባቸውን የጨረሱ ወንድሞች አሉን። ብዙ ባንኮችም ለእንዲህ ያለ መኪና አያበድሩም፤ አንዳንድ ኢንሹራንሶች ደግሞ ከላየቢሊቲ በላይ አይሸፍኑም። ስለዚህ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ለኢንሹራንሱ ደውሎ ቪን ቁጥሩን መስጠትና መልሱን በጽሑፍ መያዝ ይገባል። ታይትሉ ላይ ያለው ስም ከሻጩ መታወቂያ ጋር ካልተመሳሰለም ስምምነቱ እዚያው ያብቃ። «ለዘመዴ ነው የምሸጥለት» የሚለው ምክንያት በእኛም ሰፈር በዝቷል፤ ወረቀቱ በሦስት ሰው እጅ አልፎ በማንም ስም ሳይመዘገብ ይመጣና ስም ማዛወር የማይቻልበት መኪና ይሆናል።

ከሻጩ የምጠብቀው አራት ነገር ነው፦ ከመጠገኑ በፊት ጨረታ ላይ የተነሳውን ፎቶ፣ የዕቃዎቹን ደረሰኝ፣ የአራቱን ጎማ አላይመንት የሚያሳየውን ወረቀት፣ ካሜራና ራዳር ካለው ደግሞ ከጥገናው በኋላ መስተካከሉን የሚገልጸውን ማስረጃ። ሙያውን አክብሮ የጠገነ ሰው እነዚህን አያጣም፤ ሲጠየቅም ደስ ይለዋል። ፎቶውን ከያዝኩ ምቱ የት እንዳረፈ አውቃለሁ፤ መለኪያዬንና መብራቴን ይዤ በቀጥታ ወደዚያ ጥግ እሄዳለሁ።