ክረምት በሮም፦ ስለ ወቅቶች ስምና ስለ ስደት ግጥም

በስደት ከሚጻፉት የአማርኛ ግጥሞች መስከረምን የማያነሣ እምብዛም አይገኝም፤ አደይ አበባንም እንዲሁ። ግጥሞቹን በብዛት ስናነብ የታዘብነው ግን አበባይቱ የምትመጣው ብቻዋን መሆኑን ነው። ከእርስዋ በፊት የነበረው ዳመና፣ ጭቃና የወንዝ ሙላት አብሮአት አይመጣም። በአገር ቤት አደይን ያን ያህል ተናፋቂ ያደረጋት ከሰኔ ጀምሮ የወረደው ዝናብ ነው። መስከረምን ያለ ክረምት መዘመር ፋሲካን ሳይጾሙ እንደ መፈሰክ ይመስለናል።

ነገሩ ይበልጥ የተገለጠልን በምንኖርበት በፒኜቶ ነው። ከፖርታ ማጆሬ ወጣ ብሎ የሚገኘው ይህ የሮም ሰፈር ስሙን ያገኘው ከጥድ ዛፎች ነው፤ ጥድ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ስለሆነ ስለ ወቅት መለወጥ የሚመሰክረው ነገር የለም። ወቅቱን የሚነግረን የጠዋቱ ገበያ ነው፤ በሐምሌ ኮክና ሐብሐብ፣ በጥቅምት ካስታኛና እንጉዳይ ይቀርብበታል። ሐምሌ በሮም ዝናብ እጅግ የሚያጥርበት ወር ሲሆን፣ ዶፉ የሚወርደው በጥቅምትና በኅዳር ነው። እንግዲህ እዚህ እንቁጣጣሽ የሚውለው በሐሩር ማግሥት እንጂ በዝናብ ማግሥት አይደለም። በዚህ ከተማ ተቀምጦ ስለ መስከረም የሚገጥም ሰው ይህን መገለባበጥ ቢነካው ኖሮ የራሱ የሆነ ነገር ባገኘ ነበር። ያነበብናቸው አብዛኞቹ አልነኩትም።

በትርጉም ሥራ ላይ ችግሩ ይብሳል። የቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምትን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መጸውን እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋን እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይን እስከ ሰኔ 25 ይወስናል። ተርጓሚዎቻችን እነዚህን ስሞች ለአውሮፓ ወቅቶች ሲሰጡ አንዱን በአየሩ ጠባይ፣ ሌላውን በወሩ ይመርጣሉ። የአውሮፓው የብርድ ወራት «ክረምት» ይባላል፤ ወሩ ግን በአብዛኛው የእኛ በጋ ነው። ቅጠል የሚረግፍበት ወራት «መጸው» ይባላል፤ ወሩስ ይገጥማል፣ ነገር ግን መጸው ለእኛ በዘመነ ጽጌ የሚከፈት፣ መስኩ የሚያብብበት ነው። ጸደይንም ብዙዎች ከስፍራው አንሥተው መስከረም ላይ አስቀምጠውታል። እኛ ብንጠየቅ «ቅጠል የሚረግፍበት ወራት» ብሎ ማስረዘሙን እንመርጣለን። (የጉዊዲ መዝገበ ቃላት በ1901፣ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» በ1908 እ.ኤ.አ. የታተሙት በዚህችው ከተማ ነውና፣ በሮም ሰማይ ሥር ስለ አማርኛ ቃል መጨነቅ በእኛ አልተጀመረም።)

ወንጌልን ወደ ግእዝ የመለሱት አባቶች ከዚህ የተሻለ ሠርተዋል። በማቴዎስ ምዕራፍ 24 ቁጥር 20 ላይ ሽሽት በክረምት እንዳይሆን መጸለይ እንደሚገባ ተነግሮአል። የይሁዳ የብርድ ወራት የሚውለው በእኛ በጋ ቢሆንም «ክረምት» ማለታቸው ትክክል ነበር። በይሁዳም ዝናቡ የሚወርደው ያን ጊዜ ነው፤ ሸሺውንም የሚይዘው ጭቃውና የሞላው ወንዝ ነው። ወሩን ትተው መከራውን ተረጐሙ። በነሐሴ ከተከዜ ዳር ቆሞ መሻገሪያ ያጣ ሰው ቃሉን ያለ አንድምታ ይረዳዋል፤ ከዚህ መጽሔት አንባቢዎችም መካከል እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም።

በሰፈራችን የምናውቃት አንዲት እናት በሰኔ ወር የሰባት ዓመት ልጅዋን «ለክረምት አዲስ አበባ፣ አያትሽ ዘንድ እንሄዳለን» አለቻት። ለእናትየው ክረምት ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ወራት ነው። ልጅቱ ግን ክረምት ማለት ኢንቬርኖ መሆኑን ተምራ ነበርና፣ በዚያ ሐሩር የሱፍ ካፖርትዋን አውጥታ ሻንጣው ላይ አኖረችው። እናትየው እየሳቀች ልትመልሰው ካነሣችው በኋላ የሐምሌው የአዲስ አበባ ብርድ ትዝ አላት። ካፖርቱ ሻንጣው ውስጥ ገባ።