የወንዝ ዳሩ ገበታና የካዛንቺስ እንግዳ ተቀባይ

ሂስ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደ መጽሐፍና ወደ ቴአትር ነው። ድርሰት የጻፈ፣ ሥዕል የሣለ፣ መድረክ ላይ የቆመ ሰው ሥራው በአደባባይ እንዲመረመር ይጠበቃል፤ ወጥ የሠራና ጠጅ የጣለ ግን ከምስጋና ወይም ከሐሜት በቀር የሚደርሰው ነገር የለም። ደንበኛው ደስ ካለው ተመልሶ ይመጣል፤ ቅር ካለው ለባልንጀራው አምቶ ይቀራል። ቤቱም ለምን እንደ ተወደደ ወይም ለምን እንደ ተጠላ ሳያውቅ ይኖራል። ይህን ገጽ ለእንዲህ ያለ ነገር መስጠታችን አንዳንድ አንባቢዎቻችንን ያስገርም ይሆናል። ነገር ግን የመሥሪያ ቤት ሠራተኛም ሆነ መምህር ወይም ተማሪ፣ በዓመት ውስጥ ቴአትር ቤት የገባበትን ቀን በጣቶቹ ሊቈጥረው ሲችል፣ ምግብ ቤትና መጠጥ ቤት የተቀመጠበትን ቀን ግን ቈጥሮ አይዘልቀውም። ሰው አዘውትሮ የሚገባበት ቤት ደግሞ ጠባዩን ሳይነካው አይቀርም።

ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነን ከካዛንቺስ ቍልቍል ወርደን በአንድ የወንዝ ዳር መጠጥ ቤት ያሳለፍነው የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። የቤቱን ስም አንጠራም። እንዲህ ያሉ ቤቶች በከተማችን እየበዙ ስለ ሄዱ፣ የምንናገረው ነገር አንዱን ብቻ የሚመለከት አይደለም።

አስቀድመን ስለ ወንዙ ጥቂት እንበል። አዲስ አበባ በውሃ ምክንያት የተቈረቈረች ከተማ ናት። እቴጌ ጣይቱ የእንጦጦን ብርድ ትተው በፍል ውሃ አጠገብ ቤት ያሠሩት፣ ከተማዋም ስሟን ያገኘችው በ1879 ዓ.ም. መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ የኖረው ትውልድ ለወንዞቹ ጀርባውን ሰጥቶ ኖረ። በካዛንቺስም ሆነ በሌላው የቂርቆስ ክፍል የቤቱ በር ወደ መንገዱ፣ የቤቱ ጓዳ፣ የእጣቢው ቦይና መጸዳጃው ወደ ገደሉ ይዞር ነበር። ባንተይቀጡና ቀበና የከተማውን ጕድፍ ተሸክመው ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂም ወደ አዋሽ ሲወርዱ፣ ወንዙን ቍጭ ብሎ ለማየት የሚመኝ ሰው አልነበረም። የባሕር ዳር ሰው ጣና ዳር ተቀምጦ ዓሣ ሲበላ ውሃው የገበታው ጌጥ ይሆንለታል፤ የአዲስ አበባ ሰው ግን ወንዝ ዳር ብሉ ቢባል አፍንጫውን ይይዝ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን የወንዝ ዳር ልማት ይፋ በሆነ ጊዜ፣ ለሥራው ገንዘብ የተሰበሰበው «ገበታ ለሸገር» በተባለ እራት ነበር። የአንድ ወንበር ዋጋ 5 ሚሊዮን ብር መሆኑን ያልሰማ የለም። ወንዝን ለማጽዳት ሰው በገበታ መጠራቱ ያገራችንን ጠባይ በደንብ የሚያውቅ ሰው ያሰበው መሆን አለበት።

የገባንበት ቤት የዚህ ለውጥ ልጅ ነው። የተነጠፈው ድንጋይ ንጹሕ ነው፤ ዛፎቹ ገና ለጋ ቢሆኑም ጥላቸው መድረስ ጀምሯል። ወንበሮቹ ወደ ውሃው ዞረው ተቀምጠዋል፤ ይህ ብቻውን ትልቅ ነገር መሆኑን አንክድም። ክረምቱ እንደ ወጣ በመሆኑ ውሃው ሙሉ ነበር፤ ነፋሱ ሲዞር ብቻ የድሮው ሽታ አንድ ጊዜ መጥቶ ይመለሳል። ይሁን እንጂ ከራሳችን በላይ የተሰቀለው የድምፅ ማጕያ የወንዙን ድምፅ ፈጽሞ አጥፍቶት ነበር። ወንዝ ለማየት የተጠራ እንግዳ ወንዙን እንዳይሰማ ለምን እንደሚደረግ አልገባንም። ከፊታችን የተቀመጡት ሁለት ሽማግሎች እየተጯጯሁ ሲነጋገሩ ቆይተው፣ በመጨረሻ ዝም ብለው እየተያዩ መጠጣት ጀመሩ።

አሳላፊው ጥቍር ከረቫት ያሰረ ወጣት ነው። «ምን ልታዘዝ?» ሲል ድምፁ ትሕትና አለው፤ ዐይኑ ግን ከኋላችን የቆመውን ተቈጣጣሪ ይጠብቃል። በወፍራም ወረቀት የታተመ የምግብ ዝርዝር አመጣልን። ከዝርዝሩ ውስጥ አራት ጊዜ መርጠን ሦስቱን «አልቋል» አለን። በዚህ አልተከፋንም፤ የተከፋነው ያለውንና የሌለውን እንዲነግረን ስንጠይቀው «ዝርዝሩ ላይ ያለውን ይዘዙ ተብለናል» ሲለን ነው። አሳላፊ ማለት በማድ ቤቱና በእንግዳው መካከል ያለ መልእክተኛ ነው። መልእክተኛው እውነቱን እንዳይናገር ከተከለከለ ሳሕን የሚያመላልስ እጅ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ጥብሱ በሸክላ ምድጃ ላይ ፍም ተደርጎበት መጣ። ፍሙ ግን ለዐይን እንጂ ለሥጋው አልነበረም፤ ሥጋው አስቀድሞ ደርቆ ስለ ነበር ሲቈይ ይባስ ጠነከረ። ስለ ክትፎው ብዙ አንልም፤ ቅቤው ደኅና ነው፣ ኮሰረቱ ግን ተዘንግቷል።

ጠጁ ላይ ግን ቆም ማለት አለብን። ጠጅ ማርና ውሃ፣ ጌሾና ትዕግሥት ነው። በአሮጌዎቹ ጠጅ ቤቶች እንግዳው ሲገባ ለስላሳ፣ መካከለኛ ወይም ደረቅ ብሎ ያዛል፤ ያልፈላውን የሚወድም ብርዝ ይለምናል። እኛ ደረቅ ብለን ብናዝዝ አሳላፊው ግራ ገባው። የመጣልን እግር ባለው የወይን ጠጅ ብርጭቆ የተቀዳ ቢጫ መጠጥ ነው። ማር በስኳር ሲተካ ጣፋጩ ምላስ ላይ ፈጥኖ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚከተል መዓዛ የለም፤ የጌሾው ምሬትም ብቻውን ተነጥሎ ይቀራል። የቀመስነው እንደዚያ ያለ ነበር። ብርጭቆውንም እንደ ቀላል አንመለከተውም። የብርሌ አንገት የጠበበው እንዲሁ ለጌጥ አይደለም። ጠጭው በአንድ ትንፋሽ እንዳይጨልጠው ያግደዋል፣ መዓዛውንም ይሰበስብለታል፤ በሁለትና በሦስት ጣት ይዞ ቀስ እያለ ሲጐነጭ ጨዋታውም አብሮ ይረዝማል። አፈ ሰፊ ብርጭቆ ቶሎ ጠጥተህ ቶሎ ክፈል የሚል ይመስላል።

ዱሮ ጠጅ አሳላፊ ከመቅዳቱ በፊት ጥቂት ጠብታ በመዳፉ ላይ አፍስሶ ራሱ ይቀምስ ነበር። ነገሩ በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ቤት ከመርዝ ፍርሃት የመጣ ነው ይባላል። ምንጩ ምንም ይሁን ምን፣ አሳላፊው ያልቀመሰውን ለእንግዳ አይሰጥም ማለት ነበር። የዛሬው ወጣት የሚያቀርበውን ጠጅ ቀምሶት ያውቅ እንደ ሆነ ጠየቅነው። ሳቀና «ለሠራተኛ አይፈቀድም» አለን።

እንግዲህ አእምሯችን ወደ ካዛንቺስ መመለሱ አልቀረም። ካዛንቺስ ከመጀመሪያውም የመንግሥት ሠራተኛ ሰፈር ነው። በኢጣልያ ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ፣ ለኢጣልያ መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ያሠራ የነበረው ድርጅት ስም በአጭሩ «ኢንቺስ» ይባል ነበር፤ «ካዜ» ደግሞ በቋንቋቸው ቤቶች ማለት ነው። ሁለቱ ቃላት በሕዝቡ አፍ ተጋጥመው ካዛንቺስ ሆኑ። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ የአፍሪካ አዳራሽም በ1953 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ ሒልተን ሆቴልም በ1962 ዓ.ም. ሲከፈት፣ በትልልቆቹ ሕንፃዎች ጥላ ሥር ትንንሾቹ ምግብ ቤቶችና ጠጅ ቤቶች ተራቡ። ከጠዋት እስከ ማታ የሚለወጠውን ደንበኛ የሚያስተናግዱት እነዚህ ነበሩ። ቀን የቢሮው ሠራተኛ ሽሮውን በልቶ ይሮጣል፤ ረቡዕና ዐርብ በያይነቱ ይደረደራል፤ ሲመሽ ደግሞ ከሌላ ሰፈር የመጣው ይተካል። ብዙዎቹ ቤቶች በባለቤታቸው ስም የሚጠሩ ነበሩ፤ ሰሌዳ ያልነበረውም ቤት አይጠፋም። እንግዳው «እትዬ» ብሎ ይገባል፤ እርሳቸውም ከጓዳ ብቅ ብለው «ምነው ጠፋህ?» ይሉታል። ገንዘብ ያነሰው ሠራተኛ ስሙን በዱቤ ደብተር አስጽፎ የወር ደመወዙን ይጠብቃል። ይህ ደብተር ከማንኛውም የአገልግሎት ደንብ ይበልጥ የሁለቱን ወገን ጠባይ ያርም ነበር ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ባለቤቲቱ ነገ ተመልሶ የሚመጣን ሰው አትበድልም፤ ደንበኛውም ስሙ የተጻፈበት ቤት ውስጥ አይባልግም።

አዝማሪው ደግሞ በዚያ ሰፈር የሂስ ሰው ነበር። እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፤ እርሱ ግን ከተቀበለው በላይ አክሎ፣ የእንግዳውን ንፍገት ወይም ኵራት በሰምና ወርቅ ሸፍኖ ለቤቱ ሁሉ ያሰማበታል። የተነቀፈው ሰው ተቈጥቶ መውጣት ነውር ስለሚሆንበት ስቆ ብር ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። ከእነዚህ ቤቶች መካከል ፈንድቃ በተወዛዋዡ በመላኩ በላይ ጥረት ከአዝማሪ ቤትነት ወደ ባህል ማዕከልነት አድጎ፣ የሥዕል ማሳያ ሁሉ ጨምሮ፣ ስሙ ከአገር ውጭ የደረሰ ነበር። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ፈንድቃም ቦታውን ለቀቀ። ነዋሪውና ባለ ምግብ ቤቱም ወደ ልዩ ልዩ ሰፈር ተበተነ።

በዚህ ላይ አንባቢ የድሮውን ብቻ የምናመሰግን እንዳይመስለው እንፈልጋለን። አብዛኛው የካዛንቺስ ቤት ጢስ የሞላበት ነበር። መጸዳጃው የሚነገር አልነበረም፤ እጣቢውም እላይ እንዳልነው ወደ ወንዙ ይወርድ ነበር። ዛሬ አፍንጫችንን የሚያስይዘን ሽታ የእነዚያው የምናፍቃቸው ቤቶች ሥራም ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ መጠጥ የሚያቀርቡት ሴቶች ከሰካራም ደንበኛ ይደርስባቸው የነበረው ንቀትና መዳፈር ነው። ይህን ጨዋታ ብለው ያለፉት ብዙዎች ናቸው፤ በወጣትነታችን እኛም ዝም ብለን አይተናል። በወንዝ ዳሩ ቤት አሳላፊ ሴት ልጅ ሳሕን ይዛ ስታልፍ የሚጐትታት ሰው አላየንም። ይህን ለዐዲሱ ቤት ሳንጽፍለት ብናልፍ ዳኝነታችን የተጣመመ ይሆናል።

ስለ ሽሮው እስካሁን ያልተናገርነው ለመጨረሻ ስላቆየነው ነው። ከምግቡ ሁሉ ኋላ በትንሽ ድስት እየተንተከተከ መጣ። ቅመሙ አልበዛ፣ አላነሰ፤ ሽንኵርቱ ቀልጦ የት እንደ ገባ አይታወቅም፤ ከእንጀራው ጋር ሲገናኝ አይፈስስም፣ አይጓጕልም። ሦስታችንም ንግግራችንን አቁመን በላን። ከዚያ ቀን ገበታ ውስጥ ይህ አንድ ምግብ ብቻ ሠሪ ያለው ይመስል ነበር። ሌላው ከዝርዝር የተቀዳ ነው፤ ይህን ግን አንድ ሰው አስቦ፣ ቀምሶ፣ ደግሞ ቀምሶ ሠርቶታል።

አሳላፊውን ማን እንደ ሠራው ብንጠይቀው ዙሪያውን አይቶ ጎንበስ አለና፣ የምታበስለው እናት በካዛንቺስ ለብዙ ዓመታት የራሷ ምግብ ቤት የነበራት እንደ ሆነች፣ ቤቷ ከፈረሰ በኋላ እዚህ በደመወዝ እንደ ተቀጠረች ነገረን። ጾም ቀን የሚበዛው ደንበኛ የእርሷን ሽሮ ብሎ የሚመጣ ነው፤ ስሟን ግን አያውቅም። በዝርዝሩ ላይ «ልዩ ሽሮ» ተብሎ ብቻ ተጽፏል።

የመጽሐፍ ሂስ የሚጽፍ ሰው የደራሲው ስም ከሽፋኑ ላይ ተፍቆ ቢያገኝ ይጮኻል። እኛም ይህን ስንሰማ የተሰማን ከዚያ የራቀ አይደለም። ያቺ እናት በቤቷ ሳለች ምግቡ፣ መስተንግዶውና የቤቱ መንፈስ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አልነበሩም፤ ሁሉም እርሷ ነበረች። ከጓዳ ወጥታ የእንግዳውን ፊት ታያለች፤ የተረፈውን ሳሕን አይታ ጨው መብዛቱን ታውቃለች፤ በሞቴ ብላ ታጐርሳለች፤ የሰከረውንም ልጄ ይበቃሃል ብላ ታስነሣዋለች። አሁን ሙያዋ ብቻ ተቀጥሮ ሌላው ሁሉ ከደጅ ቀርቷል። ውሃውን አጽድቶ፣ ድንጋዩን አንጥፎ፣ ወንበሩን ወደ ወንዙ ያዞረ ሰው ይህችን ሴት ከማድ ቤቱ ግድግዳ በስተጀርባ ማስቀመጡ ከገንዘብ ማነስ የመጣ አይመስለንም። እንግዳ መቀበል ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን ካለማሰብ የመጣ ነው። ስለዚህ ከጥብሱም ከጠጁም ይልቅ በቤቱ ላይ የምናቀርበው ትልቁ ነቀፋ ይኸው ነው።

እናቲቱን ሰላም ለማለት ተቈጣጣሪውን ፈቃድ ጠየቅነው። ሰውዬው ጨዋ ነው፤ ማድ ቤት እንግዳ ማስገባት ለንጽሕና ደንብ እንደማይመች፣ ሠራተኛም ወደ እንግዳ መውጣት ልማድ እንዳልሆነ አስረዳን። አስተያየት ካለን በመዝገብ እንድንጽፍ ወረቀት ሰጠን። ስለ ድምፅ ማጕያው፣ ስለ ብርሌውና ስለ ሽሮው ሠሪ ስም ጻፍን። የሒሳቡ ወረቀት ሲመጣ ከምግቡ ዋጋ በታች 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ ከዚያም 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተደምሮበታል። የአገልግሎቱ ገንዘብ ለማን እንደሚደርስ አሳላፊውን ብንጠይቀው መልስ አልሰጠንም።

ለመውጣት ስንነሣ ግን ያው ወጣት በትንሽ ሳሕን የተቈላ ገብስና ሽምብራ ይዞ መጣ። አላዘዝንም አልነው። «እትዬ ናቸው የላኩት፤ ሰላምታችሁን ነግሬያቸው ነበር» አለን። ቆሎው ገና ትኩስ ነበር። ተመልሰን ተቀመጥን።