ጓዳው ውስጥ ማን እንዳለ ማን ያውቃል?

«ባንዳ» የሚለው ቃል አፋችን ላይ ቀላል ነው። አንዱ ከጠላት ጋር ሲበላ ሲጠጣ ከታየ፣ በቃ፣ ባንዳ ነው። የቼኩን ዳይሬክተር የያን ህርዤቤይክን «ሙሲሜ ሲ ፖማሃት» (መረዳዳት አለብን) ካየሁ በኋላ ግን ቃሉ ከአፌ ቶሎ አይወጣም። ፊልሙ የወጣው በ2000 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ በጀርመን ወረራ ሥር ባለች ትንሽ የቼክ ከተማ ውስጥ ነው። ዮዜፍና ማሪዬ ልጅ ያልወለዱ ባልና ሚስት ናቸው። ከካምፕ አምልጦ የመጣውን አይሁዳዊ ጎረቤታቸውን ዳቪድን ጓዳ ውስጥ ይደብቁታል። ችግሩ ሆርስት ነው፦ የዮዜፍ የድሮ የሥራ ባልደረባ፣ አሁን ለናዚዎች ያደረ፣ ሳይጠራ ከች የሚል፣ ዓይኑን ከማሪዬ ላይ የማይነቅል። ዮዜፍ ጥርጣሬ ለማራቅ ሲል ከሆርስት ጋር መሥራት ይጀምራል። ያኔ በጎረቤቱ ዓይን ከሃዲ ይሆናል።

የፊልሙ ጉልበት እዚህ ላይ ነው። በወረራ ዘመን ሰው የሚያሳየው ፊት የልቡ ማስረጃ አይደለም። ታሪክም ይህንኑ ይላል። ኦክቶበር 28 ቀን 1939 ቼኮች ፕራግ ውስጥ አደባባይ ወጥተው ተቃወሙ፤ በቀጣዩ ወር ጀርመኖች ዩኒቨርሲቲዎቹን ዘጉ፣ ዘጠኝ ሰዎች ረሸኑ፣ ከ1,000 በላይ ተማሪዎችን ወደ ካምፕ ላኩ። በ1941 ሃይድሪክ ሲሾም በአንድ እጁ ግድያ፣ በሌላው ለፋብሪካ ሠራተኞች የተሻሻለ ራሽን ይዞ መጣ። በ1942 እሱ ሲገደል የሊዲትሴ መንደር ወንዶች ተረሸኑ፣ መንደሩም ከምድር ጠፋ። ከሳምንታት በኋላ፣ ጁላይ 3 ቀን፣ የፕራጉ ቬንሰስላስ አደባባይ ለጀርመን ታማኝነቱን በሚገልጽ ሕዝብ ተሞላ። ስንቱ አምኖ፣ ስንቱ ፈርቶ እጁን አነሳ? ፎቶ አይነግረንም።

አማርኛ ለዮዜፍ የሚቀርብ ቃል አለው፦ የውስጥ አርበኛ። በጣሊያን ጊዜ ከጠላት ጋር እየዋለ ለአርበኞች መረጃና ስንቅ የሚያቀብለውን ሰው እንዲህ አሉት። ቃሉ ግን ለዮዜፍ ትንሽ ይሰፋዋል። ጀግና ልሁን ብሎ አልተነሳም። ዳቪድ ፊቱ ሲቆም ማባረር አቃተው፣ ያ ብቻ ነው።

ከሁሉም ያስደነገጠኝ ግን ሺማቼክ ነው። ዳቪድ አምልጦ ሲመጣ ለጀርመኖች ሊያሳጣው የሞከረው ይህ ጎረቤት፣ ጦርነቱ ሲያበቃ ከአርበኞች ወገን ቆሞ እናገኘዋለን። ሚስጥሩን ጠርጥሮ ዝም ያለው ደግሞ ያ የምንጠላው ሆርስት ነው። እና አሁን ማን በማን ላይ ይፍረድ?

ቅሬታ የለኝም ማለት ግን አይደለም። ማሪዬ ጀርመናዊ እንግዳ ቤታቸው እንዳይገባ «አርግዣለሁ» ትላለች፤ ዮዜፍ መውለድ ስለማይችል ከዳቪድ እንድታረግዝ ይደረጋል። ፊልሙ በዚህ ያስቀናል፣ ያስቃል። እሷ የከፈለችው ዋጋ ላይ ግን በቂ ጊዜ አይቆይም። ዮሴፍ፣ ማርያም፣ ዳዊት፣ ሕፃን፤ ምሳሌውም እንዳይገባን የተፈራ ይመስል ተደጋግሞ ይነገረናል።

ይቅርታውም ፈጠነብኝ። ሆርስት አንድ ቤት ውስጥ ይድናል። ከዚያ ቤት ውጭ ግን ከጦርነቱ በኋላ ወደ ሦስት ሚሊዮን የሚጠጉ ጀርመኖች ከቼኮዝሎቫኪያ ተባረሩ፣ ካሜራው ወደዚያ አይዞርም። «ሁላችንም መሃል ላይ ነበርን» ማለት ደግሞ ለተረፈ ሰው የሚመች መጽናኛ ነው። ከቦሄሚያና ከሞራቪያ አይሁዶች ወደ 78,000 የሚጠጉት አልተረፉም።

ፊልሙ ይህንን የሚያውቅ ይመስለኛል። በመጨረሻ ዮዜፍ የሕፃኑን ጋሪ እየገፋ በፍርስራሽ መሃል ሲሄድ፣ የተገደሉት የዳቪድ ቤተሰቦች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ያያል። ሕፃኑን ከፍ አድርጎ ያሳያቸዋል። ሳቁ እዚያ ላይ ያቆማል። ዮዜፍ አንድ ሰው አዳነ፤ የቀሩት ግን ከጠረጴዛው አልተነሱም።