የቀጭን ፈታይ ጣቶች

በወሎዋ መርሳ ከተማ በደጃፍ ጥላ ተቀምጠው የሚፈትሉ እናት ያየ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ እንዝርቱ ነው፤ የሚሽከረከረው እሱ ነውና። እንዝርቱ ግን የሥራው ቀላል ወገን ነው። በቀኝ መዳፍ ጭን ላይ ይንከባለላል፣ ይለቀቃል፣ ከዚያ በራሱ ክብደት ይሾራል። ሙያው ያለው በግራው እጅ ነው። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ባዘቶውን ይዘው ክንድ ወደ ላይ ሲነሣ ጥጡ እየሳሳ ይወጣል፤ እንዝርቱም ያን የሳሳውን ያከርረዋል። ጣቶቹ ጥቂት ከጠበቁ ክሩ ይበጠሳል። ጥቂት ከላሉ ያልሳሳ ጥጥ ያመልጥና ክሩ ላይ ጉብ ብሎ ይቀራል። በመጥበቅና በመላላት መካከል ያለው ልዩነት በዓይን አይታይም፤ የሚታወቀው ክሩ ካለቀ በኋላ ነው።

ከዚህ በፊት ያለው ሥራም ቀላል አይደለም። ጥጡ ድንጋይ ላይ በብረት ተዳምጦ ፍሬው ይወጣል፣ በደጋን ተነድፎ ይፍታታል፣ ባዘቶ ሆኖ ይጠቀለላል። ይህን ግን ትዕግሥት ያለው ሁሉ ቶሎ ይለምደዋል። ቀጭን ፈታይ መባል ነው ዓመታት የሚጠይቀው። ዛሬ የጋቢውም የነጠላውም ድር ብዙ ጊዜ የፋብሪካ ክር ነው። ማጉ የእጅ ፈትል ሲሆን ግን ልብሱ ሌላ ልስላሴ አለው፤ ይህን ለመናገር ሸማኔ መሆን አያስፈልግም፣ ለብሶ ማየት ይበቃል። ልቃቂቱን የሚቀበለው ሸማኔ በዓይኑ ብቻ አይፈርድም። ክሩን በሁለት ጣቶቹ መሃል ይጎትተዋል፣ ጉብታ ያገኘ እንደሆነ ፊቱ ይናገራል።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚገርመኝ ፈታይዋ ሥራውን አለማየታቸው ነው። የአላፊ አግዳሚውን ሰላምታ ይመልሳሉ፣ ልጅ ይቆጣሉ፣ የጎረቤት ወሬ ያዳምጣሉ፤ ክሩ ግን አይወፍርም፣ አይቀጥንም። «እጅዎ ይባረክ» እንላቸዋለን። ምርቃቱ ተገቢ ነው፤ ግን ግማሹ ለጭንቅላታቸው ሊደርስ ይገባ ነበር።

የጣት ጫፍ በንክኪ ነርቮች የተሞላ ነው። የያዝነው ነገር ሊያመልጥ ሲንሸራተት ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ጣቶቻችን እኛ ሳናውቀው ይጠብቃሉ። ባዘቶው ሲሳሳ የሚሆነው እንዲህ ያለ ነው፤ ክሩ ይናገራል፣ አንጎል ይሰማል፣ ጣት ይታዘዛል። ካናዳዊው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ዋይልደር ፔንፊልድ እ.ኤ.አ. በ1937 ባሳተመው ጥናት እንቅስቃሴን የሚያዝዘውን የአንጎል ቅርፊት ክፍል በክፍል ሲመረምር፣ ለእጅና ለፊት የተሰጠው ስፍራ ከመላው ግንድ አካላችን ድርሻ እጅግ የሰፋ ሆኖ አገኘው። ከዚያ የሚነሣው የነርቭ ጎዳና ወደ ታች ይወርድና በአንጎል ግንድ ላይ አብዛኛው ወደ ተቃራኒው ጎን ይሻገራል። ስለዚህ ባዘቶ የያዘው ግራ እጅ የሚታዘዘው ከቀኙ አንጎል ነው።

ይህ ጎዳና ለፈትል ምን እንደሚሰጥ በእንስሳት ላይ የተሠራ አንድ ሙከራ አሳይቷል። ሎውረንስና ኩይፐርስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 እንዳሳተሙት፣ ጎዳናው የተቆረጠባቸው ጦጣዎች ከጊዜ በኋላ ሮጡ፣ ሽቅብ ወጡ፣ ያገኙትን ጨበጡ። አንድ ነገር ብቻ ሳይመለስላቸው ቀረ፤ ጣትን ከጣት ለይቶ ማንቀሳቀስ። ስትሮክ የመታው ሰውም ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይኸው ነው። ክንዱ ይነሣለታል፣ ብርጭቆ ይጨብጣል፣ አዝራር ግን አይቆልፍም። መጨበጥ ኃይል ነው፤ ሁለት ጣት ብቻ ለይቶ በልክ ማላላት ግን የዚያ ጎዳና ልዩ ሙያ ነው። መፍተል ማለት ደግሞ ይህ ነው።

ከማጅራት በላይ የተቀመጠው ትንሹ አንጎል መጠኑ ትንሽ ቢሆንም፣ ከመላው አንጎል የነርቭ ሕዋሳት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በእሱ ውስጥ ናቸው። ሥራው ማመጣጠን ነው፤ የክንዱን መነሣት ከእንዝርቱ መሾር ጋር፣ የመሳቡን ፍጥነት ከማክረሩ ጋር። ብሪታኒያዊው ሐኪም ጎርደን ሆምስ በአንደኛው የዓለም ጦርነት እዚያ ቦታ ላይ የቆሰሉ ወታደሮችን ለረጅም ጊዜ ተከታትሏል። ጡንቻቸው አልሰለለም። እጃቸው ግን የሚፈልገውን ዕቃ ያልፈዋል ወይም ሳይደርስ ይቆማል፣ ሲጠጋም ይንቀጠቀጣል። ከቁስለኞቹ አንዱ ጤነኛው ወገኑ ሳያስበው እንደሚሠራ፣ የተጎዳው ግን እያንዳንዱን እንቅስቃሴ አስቦ እንዲያዝዝ እንደሚያስገድደው ነግሮታል። የመርሳዋ እናት ወሬ እያዳመጡ የሚፈትሉት የማሰቡን ሸክም ይህ የአንጎል ክፍል ስለተሸከመላቸው ነው።

በፓርኪንሰን ሕመም የሚጎዳው ሌላ ነው፤ በአንጎል መሃል ጠልቆ ያለው እንቅስቃሴን የሚያስጀምርና የሚያረዝም ክፍል። እጅ ሥራ ፈቶ ሲቀመጥ ይንቀጠቀጣል፣ ሲሠራ እየዘገየ ያጥራል፣ የሚጽፈውም ፊደል እያነሰ ይሄዳል።

በጣም ረቂቁ ጉዳት ግን እጅ ጉልበቱም ስሜቱም ሳይጓደል ሙያውን ሲያጣ ነው። ጀርመናዊው ሁጎ ሊፕማን እ.ኤ.አ. በ1900 የገለጸው አንድ የመንግሥት ሹም ቀኝ እጁ አልሰለለም፤ ግን በታዘዘው ዕቃ ምን እንደሚደረግ የማያውቅ ሆነ። ግራው ግን በትክክል ይሠራ ነበር። ሁለቱን የአንጎል ክፍሎች የሚያገናኘው ድልድይ ሲጎዳ ደግሞ ብዙዎች ልክፍት ሊሉት የሚችሉት ነገር ይመጣል፤ አንዱ እጅ የቆለፈውን አዝራር ሌላው ይከፍተዋል፣ ባለቤቱም «የእኔ እጅ አይደለም» እስከ ማለት ይደርሳል። ፈታይ በሁለት እጆቿ ሁለት የተለያየ ሥራ በአንድ ጊዜ የምትሠራው ያ ድልድይ ደኅና ስለሆነ ነው።

በዚሁ በወሎ የደረሰ አንድ መከራ የእጅን ዕድል ከሌላ በኩል ያሳያል። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ደላንታና ዳውንት ላይ ድርቁ ሌላውን እህል ሲያሳጣ ጓያ ብቻ ተረፈ፤ በርካታ ሰዎችን ሰበረ። እነ ኃይለየሱስ ጌታሁንና የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ይህንን ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አስነብበዋል። ጓያ ውስጥ ያለው መርዝ ብዙ ወራት ዋና ምግብ ሲሆን የሚጎዳው ከላይ የጠቀስኩትን ያንኑ ወራጅ ጎዳና ነው። የሚበረታው ግን ወደ እግር በሚሄደው ወገን ላይ ነው፤ ጉልበት ይገተራል፣ እግር ከእግር ይጠላለፋል፣ ሰው በምርኩዝ ይቀራል፣ ጉዳቱም አይመለስም። እጅ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። ሸማኔ ቢሆን ጉድጓድ ውስጥ ባሉት መርገጫዎች ላይ የሚሠራው እግሩ ይከዳዋል። መርፌና እንዝርት ግን ከሰውዬው አይወሰዱም።

ጓያን የሚተካ እህል ሲኖር የዚያ ጉዳት መንገድ ይዘጋል። ስትሮክ ግን ድርቅ አይጠብቅም፤ ዋናው መንሥኤው የደም ግፊት ነው፣ የደም ግፊትም ምልክት ሳያሳይ ዓመታት ይቀመጣል። ስለዚህ ከመርሳም ከውርጌሳም ከሲሪንቃም ያላችሁ፣ ጋቢያችሁን ለፈተሉላችሁ እናት ግፊታቸውን አስለኩላቸው። እጃቸው ድንገት ከዛለ፣ አፋቸው ከተጣመመ ወይም ንግግራቸው ከተኮላተፈ ጠዋት እስኪሆን አትጠብቁ። ጠበሉም ዱዓውም ይደርሳል፤ መጀመሪያ ግን ሆስፒታል ይድረሱ። ከመርሳ ወልድያ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።