የመገናኛው ከፍታ ይቅደም

አሜሪካዊው መሐንዲስ ሃርዲ ክሮስ ስለ ቧንቧ መረቦች የጻፈውን ጥናት በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1936 ነበር። ኮምፒውተር ባልነበረበት ዘመን፣ በእርሳስና በወረቀት እየገመቱና ግምቱን እያረሙ ወደ መልሱ መድረስ እንደሚቻል ያሳየ ሥራ ነው። ውለታውን አንክድም። የምንነቅፈው የመማሪያ መጻሕፍት ከጥናቱ የወሰዱትንና የተዉትን ነው።

ክሮስ ያቀረበው ሁለት መንገድ ነው። በመጀመሪያው በየቧንቧው የሚያልፈውን ፍሰት ገምተን፣ በየቀለበቱ የሚባክነው ከፍታ እስኪጣጣ ድረስ እናርማለን። በሁለተኛው የምንገምተው በየመገናኛው ያለውን የውሃ ከፍታ ነው፤ ይኸውም በመገናኛው ላይ ቀጥ ያለ ቱቦ ብናቆም ውሃው የሚወጣበት ልክ ማለት ነው። ወደ መገናኛው የሚገባውና ከመገናኛው የሚወጣው እኩል እስኪሆን ድረስ ግምቱን እናስተካክላለን። አብዛኞቹ መጻሕፍት የመጀመሪያውን ያገንናሉ። በዚያ ላይ «ከዚህ ቦታ በሰከንድ ይህን ያህል ሊትር ይቀዳል» ብለው የሚቀዳውን መጠን አስቀድመው ለተማሪው ይሰጡታል።

ይህ አቀራረብ የት ላይ እንደሚሰናከል ለማየት ከመተማ ማዶ ወዳለው የገዳሪፍ ምድር እንሻገር። በዚያ የሚገኘው ኡም ራኩባ በ1977ቱ ድርቅ ዘመን ኢትዮጵያውያን ስደተኞች የሰፈሩበት ቦታ ነው፤ ተዘግቶ ከቆየ በኋላም በኅዳር 2013 ዓ.ም. የትግራይን ጦርነት ሸሽተው ለመጡት እንደገና ተከፈተ። የቱናይድባ ሰፈርም የተከፈተው በዚያው ዓመት ነው። እንዲህ ባለ ሰፈር ውሃ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ሮቶ በቧንቧ ወርዶ ለቦኖዎች ይከፋፈላል። ወረፋ ባለበት ቦኖ አይዘጋም፤ ጀሪካን በጀሪካን ይተካል። ስለዚህ የሚቀዳውን መጠን የሚወስነው የመጽሐፉ ደራሲ ሳይሆን የውሃው ከፍታ ነው።

አንድ ምሳሌ ራሳችን እንፍጠር። የሮቶው ውሃ 30 ሜትር፣ የታችኛው ቦኖ 5 ሜትር፣ የላይኛው 20 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው እንበል። ፍሰቱን በሊትር በሰከንድ ለማግኘት የከፍታውን ልዩነት ስኩዌር ሩት ከሮቶ እስከ መገናኛው ላለው ቧንቧ በ0.5፣ ወደ ቦኖዎቹ ለሚሄዱት ለያንዳንዳቸው በ0.3 እናበዛለን። የመገናኛውን ከፍታ 25 ብለን ብንገምት 1.1 ሊትር ገብቶ 2 ሊትር ይወጣል፤ ግምታችን በዝቷል። በ20 ደግሞ 1.6 ገብቶ 1.2 ይወጣል። በ21 ላይ 1.5 ይገባል፣ 1.2 ወደ ታችኛው፣ 0.3 ወደ ላይኛው ይወጣል፤ ሒሳቡ ገጠመ። ቧንቧዎቹ አንድ ዓይነት ሆነው ሳለ ታች 20 ሊትር ጀሪካን በ17 ሰከንድ ሲሞላ ላይ 67 ሰከንድ ይፈጃል። በሰብዓዊ ርዳታ ሥራ የሚታወቀው የስፊር መመሪያ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር፣ ለወረፋ ከ30 ደቂቃ ያልበለጠ ይላል፤ የላይኛው ሰፈር እናት ግን ከዚህ ልክ ብትወጣ የሚያስገርም አይሆንም።

አሁን በመጽሐፉ ዘዴ «ለያንዳንዱ ቦኖ 0.75» ብለን እንስጥ። ድምሩ ያው 1.5፣ መገናኛውም ያው 21 ነው። በላይኛው ቦኖ ግን ከፍታው 14.75 ይወጣል፤ ከቦኖው ከ5 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ! ተማሪው ይህን ቁጥር ካልመረመረ ፍሰቱ ስለገጠመለት ብቻ ሙሉ ማርክ ያገኛል፣ ቦኖው ግን ያን ውሃ አይሰጥም። ስሕተቱ የተማሪው ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ኢፓኔት የተባለው የታወቀ የኮምፒውተር ፕሮግራም እንኳ በግፊት ላይ የተመሠረተ ፍላጎት የሚለውን የስሌት ምርጫ ያካተተው እ.ኤ.አ. በ2020 እትሙ ነው።

ለክፍል የሚሆን አንድ ጥያቄ እንጨምር። በታችኛው ቧንቧ ላይ ቫልቭ ገብቶ 0.3 የነበረው ወደ 0.14 ቢቀነስ የመገናኛው ከፍታ ወደ 24.1 ያድጋል፤ ሁለቱም ቦኖዎች በሰከንድ 0.6 ሊትር ያህል ያገኛሉ፣ ጀሪካኑም በሁለቱም ዘንድ በ33 ሰከንድ ይሞላል። ጠቅላላው ፍሰት ግን ከ1.5 ወደ 1.2 ይወርዳል። ይህ ኪሳራ ነው ወይስ አይደለም? ተማሪዎች ይከራከሩበት፤ የታችኛውን ሰፈር ወክሎ የሚናገርም ይኑር።