ኢኮኖሚክስ በግማሽ ሲማሩት

ኢኮኖሚክስ የሚያስተምር ሰው፣ አሰበበትም አላሰበበትም፣ ፖለቲካም ያስተምራል። ተማሪው የፍላጎትና የአቅርቦት መስመሮችን መሳል ሲለምድ፣ ስለ ግብር፣ ስለ ድጎማ፣ ስለ ደመወዝና ስለ መንግሥት ድርሻ የሚያስብበትን መንገድም አብሮ ይለምዳል። ጥያቄው በሙያችን አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ጆርጅ ስቲግለር እ.ኤ.አ. በ1959 ባወጣው ጽሑፍ ኢኮኖሚክስን በሙያ ደረጃ ማጥናት ሰውን በፖለቲካ ወግ አጥባቂ ያደርገዋል ሲል ተከራክሮ ነበር። ተማሪው የትኛውም ሥርዓት የማያመልጣቸውን የኢኮኖሚ ችግሮች ስለሚያውቅ፣ ሥርዓት በመለወጥ ብቻ ይፈታሉ የሚለውን ተስፋ በቀላሉ አይቀበልም ባይ ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ የምከራከረው ግን ከዚህ ለየት ላለ ሐሳብ ነው። ተማሪን ወደ አንድ ወገን የሚያዘነብለው በዋናነት ትምህርቱን የሚያቆምበት ቦታ ነው። ብዙዎች የሚወስዱት የመጀመሪያውን ኮርስ ብቻ ነው፤ ያ ኮርስ ደግሞ የትምህርቱን ግማሽ ይዞ ሙሉ መስሎ ይታያል። ይህን ማረም የእኛ የመምህራኑ ሥራ ነው።

ስቲግለርን የሚደግፍ ማስረጃ አለ። ሳም ኦልጉድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1976፣ በ1986 እና በ1996 በአራት ትልልቅ የአሜሪካ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ይማሩ የነበሩ ከ2,000 በላይ ምሩቃንን ጠይቀው ነበር። የኢኮኖሚክስ ኮርስ በብዛት የወሰዱት፣ ዋና የትምህርት መስካቸው ሌላ ቢሆንም እንኳ፣ የሪፐብሊካን ፓርቲ አባል የመሆን ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። ድምፅ በመስጠትና ባለመስጠት ወይም በበጎ ፈቃድ አገልግሎት ግን ከሌሎቹ አልተለዩም። ትምህርቱን ዕድሜ ልካቸውን ወደ ያዙት ሰዎች ስንሄድ ደግሞ ሥዕሉ ይገለበጣል። ዳንኤል ክላይንና ሻርሎታ ስተርን እ.ኤ.አ. በ2003 የአሜሪካ የኢኮኖሚክስ ማኅበር አባላትን ሲጠይቁ፣ ዲሞክራቶቹ ከሪፐብሊካኖቹ በሁለት ተኩል እጥፍ ያህል በልጠው ተገኙ። ኢኮኖሚክስ በራሱ ወደ ቀኝ የሚገፋ ቢሆን ኖሮ፣ ከሁሉም በላይ የተማሩት ከሁሉም በላይ ወደ ቀኝ ባዘነበሉ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሳል። ትምህርቱ ሰውን ይለውጣል ወይስ ቀድሞውኑ እንዲያ የሚያስብ ሰው ነው ትምህርቱን የሚመርጠው? ጄራልድ ማርዌልና ሩት ኤምስ እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጡት ሙከራ፣ የኢኮኖሚክስ ድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ከተሰጣቸው ገንዘብ ለጋራ ጥቅም ያዋጡት 20 በመቶውን ያህል ነበር፤ ሌሎቹ ግማሽ ያህሉን አዋጥተዋል። ይህ ግን ልዩነት መኖሩን እንጂ ከየት እንደመጣ አይነግረንም። ብሩኖ ፍራይና ስቴፋን ማየር በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየሴሚስተሩ ለሁለት የድጋፍ ፈንዶች ገንዘብ ለመስጠት ወይም ላለመስጠት የሚወስኑትን ውሳኔ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2003 ሲያሳትሙ፣ ልዩነቱ ከመጀመሪያው ቀን የነበረ እንጂ በትምህርቱ የመጣ አለመሆኑን አሳዩ። ለእኔ መልስ ሰጪ የሆነው ግን የዮራም ባውማንና የኢሌይና ሮዝ ጥናት ነው። በሲያትል በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመሳሳይ የልገሳ መዝገብ ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ውጤት፣ ኢኮኖሚክስን ዋና መስካቸው ያደረጉት ተማሪዎች ሲገቡም ልገሳቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ ትምህርቱ አልለወጣቸውም። የተለወጡት ዋና መስካቸው ሌላ ሆኖ የኢኮኖሚክስ ኮርስ ቀመስ አድርገው የሄዱት ናቸው። ከኮርሱ በኋላ የመለገስ ዝንባሌያቸው ከቀድሞው ቀነሰ። ልገሳ ከፓርቲ ምርጫ ጋር አንድ አይደለም፤ የትምህርቱ ጫና በማን ላይ እንደሚበረታ ግን ይጠቁማል።

አጭር ትምህርት ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ከዩኒቨርሲቲ ውጭም ታይቷል። የሕግ ምሁሩ ሄንሪ ማኒ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ለአሜሪካ የፌዴራል ዳኞች የጥቂት ሳምንታት የኢኮኖሚክስ ሥልጠና ያዘጋጅ ነበር። ከአስተማሪዎቹ መካከል ሚልተን ፍሪድማንና ፖል ሳሙኤልሰን ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. እስከ 1990 ድረስ ከፌዴራል ዳኞች 40 በመቶ ያህሉ በዚህ ሥልጠና አልፈዋል። ኤሊዮት አሽ፣ ዳንኤል ቼንና ሱሬሽ ናይዱ የዳኞቹን ውሳኔዎች ከሥልጠናው በፊትና በኋላ አነጻጽረው፣ የሠለጠኑት በፍርዳቸው የኢኮኖሚክስ ቋንቋ አብዝተው መጠቀማቸውን፣ በኢኮኖሚ ጉዳዮች በተቆጣጣሪ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ላይ አዘውትረው መፍረዳቸውንና በወንጀል ጉዳይም ረዘም ያለ ቅጣት መወሰናቸውን አገኙ። እነዚህ በዕድሜና በሥራ የበሰሉ፣ የሁለት ወገን ክርክር በመስማት የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ጥቂት ሳምንታት እነሱን እንዲህ ካንቀሳቀሱ፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ላይ አንድ ሴሚስተር ምን እንደሚያደርግ መገመት አያዳግትም።

ምክንያቱን ለማየት የመጀመሪያውን ኮርስ ውስጡን መክፈት ያስፈልጋል። ዝቅተኛ የደመወዝ ወለልን እንውሰድ። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር ይስላል፤ መስመሮቹ የሚገናኙበትን ደመወዝ ያሳያል፤ ከዚያ በላይ አግድም መስመር ይጨምራል። ቀጣሪ ይቀንሳል፣ ሥራ ፈላጊ ይበዛል፣ ክፍተቱ ሥራ አጥነት ይባላል። ማሳያው አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ተማሪውም ሕጉ ሊጠቅመው የወጣለትን ሠራተኛ እንደሚጎዳ አምኖ ይወጣል። ሥዕሉ ስህተት የለበትም፤ የቆመበት ግምት ግን አብሮ አልተሳለም። ግምቱ አንድም ቀጣሪ በደመወዝ ላይ ጉልበት የለውም የሚል ነው። ዴቪድ ካርድና አለን ክሩገር በኒው ጀርሲ ክፍለ ግዛት የሰዓት ደመወዝ ወለል እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1992 ከ4.25 ዶላር ወደ 5.05 ዶላር ሲያድግ፣ የፈጣን ምግብ ቤቶችን ቅጥር ወለሉ ካልተነካባት ከጎረቤቷ ፔንሲልቫኒያ ጋር አነጻጽረው ነበር። የቅጥር መቀነስ አላገኙም። ዴቪድ ኒውማርክና ዊልያም ዋሸር በሌላ መረጃ ተቃወሟቸው፤ ክርክሩም ዓመታት ፈጀ። ካርድ እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማት ከተቀበለባቸው ሥራዎች አንዱ ይህ ነው። ሥዕሉን አይቶ ክርክሩን ያላየ ተማሪ የተማረው አንድ አቋም ነው። ሁለቱንም ያየ ተማሪ ግን፣ «እዚህ ከተማ ውስጥ ቀጣሪው ምን ያህል ጉልበት አለው? ወለሉስ ከነበረው ደመወዝ ምን ያህል ይርቃል?» ብሎ መጠየቅ ይማራል። ሙያው የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው።

ይህን ስል ሚዛኑን ወደ ግራ ላዘንብል ነው ብሎ የሚጠረጥር አንባቢ ይኖራል። የቤት ኪራይ ጣሪያን ማየት ጥርጣሬውን ያቃልላል። በዚህ ጉዳይ ከሁለቱም ወገን ያሉ አብዛኞቹ ኢኮኖሚስቶች ይስማማሉ፤ ጣሪያው የሚከራይ ቤት ያሳንሳል። ሬቤካ ዳይመንድና ባልደረቦቿ ሳን ፍራንሲስኮ እ.ኤ.አ. በ1994 የኪራይ ቁጥጥሩን ወደ ተጨማሪ ቤቶች ስታሰፋ የሆነውን መርምረዋል። በቁጥጥሩ ሥር የነበሩት ተከራዮች በቤታቸው የመቆየት ዕድላቸው ከፍ አለ፤ ጥቅሙ እውነተኛ ነበር። ሕጉ የነካቸው አከራዮች ደግሞ የሚያከራዩትን ቤት በ15 በመቶ ቀነሱ፤ የከተማዋ ኪራይም በ5.1 በመቶ ጨመረ። እዚህ ላይ ሥዕሉ በማስረጃ ተደግፏል፤ ማስረጃው ግን ሥዕሉ ያልተናገረውን፣ ማን ተጠቀመ ማንስ ከፈለ የሚለውን፣ ጨምሮበታል። አዲስ አበባ ላይ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ሲወጣ የተነሳው ክርክር በሁለቱም ጎራ ይህን መለየት በተገባው ነበር። ኢኮኖሚክስን ሙሉ አድርጎ ማስተማር አንዳንዴ ገበያን ያስመሰግናል፣ አንዳንዴ ቁጥጥርን፤ ውጤቱን አስቀድሞ የሚያውቅ መምህር ግን ማስተማሩን ትቷል።

ሁለት ተቃውሞዎች ክብደት አላቸው። አንደኛው፣ ጀማሪ ቀላሉን ሳይዝ ከባዱን አይችልም፤ ልዩ ሁኔታዎችን መጀመሪያ ላይ ማብዛት ግራ ያጋባል የሚለው ነው። ቀላሉ ይቅደም በሚለው እስማማለሁ። ጥያቄው ቀላሉ ብቻውን ይቅር ወይ ነው። አንድ ሞዴል ከነግምቱና ከአንድ እውነተኛ ጥናት ጋር ለማስተማር የሚያስፈልገው ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ አንድ ነው፤ ይህንንም ከምዕራፎቹ አንዱን በማሳጠር ማግኘት ይቻላል። ሁለተኛው ተቃውሞ ከጥናት የመጣ ነው። ዳኒኤሌ ጂራርዲ፣ ሳሙኤል ቦውልስና ባልደረቦቻቸው በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አምኸርስት የመካከለኛ ማይክሮ ኢኮኖሚክስ ተማሪዎችን ተከታትለው፣ ኮርሱ ተማሪዎቹን ራስ ወዳድ እንዳላደረጋቸውና የፖሊሲ አመለካከታቸውንም ብዙም እንዳልለወጠ አሳይተዋል፤ የኮርሱ ይዘት መለያየትም ለውጥ አላመጣም። ታዲያ የምን ስጋት ነው ሊባል ይችላል። እነዚያ ተማሪዎች ግን የመግቢያውን ደጃፍ ያለፉ ናቸው። ከባውማንና ከሮዝ ውጤት ጋር ሲነበብ ይህ ግኝት እኔ የምለውን ያጠናክራል፤ የሚቀጥለው ተማሪ ሚዛኑን ይጠብቃል፣ በር ላይ የሚመለሰው ነው የሚያዘነብለው።

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። በደርግ ዘመን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚማረው የማርክሲዝም ሌኒኒዝም ፖለቲካል ኢኮኖሚ መልሱ አስቀድሞ የተቀመጠበት ትምህርት ነበር፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ መጽሐፉ ተቀየረ፣ መልሱም ተቀየረ። ተማሪው መልስ ተቀባይ ሆኖ ከቀጠለ የመጽሐፉ መቀየር ብዙ አላተረፈለትም። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ «የኢኮኖሚክስ መግቢያ» በዩኒቨርሲቲዎቻችን የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርስ ሆኗል። ኮርሱ ከፍላጎትና አቅርቦት ተነስቶ፣ በሸማቾች ባህሪ፣ በምርትና ወጪ፣ በገበያ አወቃቀር አልፎ በማክሮ ኢኮኖሚክስ መሠረታዊ ሐሳቦች ያበቃል። የወደፊቱ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ ዳኛና የምክር ቤት አባል ከኢኮኖሚክስ ጋር የሚገናኙት ምናልባት እዚህ ብቻ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል። ቦርዱ ምን ይወስን ተብሎ ሲጠየቅ ሐሳብ የሚሰጠው ዜጋ ያቺን የአምስት ደቂቃ ሥዕል ብቻ ይዞ መምጣት የለበትም።

ስለዚህ ኮርሱን ለምታስተምሩ የሙያ ባልደረቦቼ የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። በዚህ ሴሚስተር የምትስሉትን እያንዳንዱን የገበያ ሥዕል፣ የቆመበትን ግምት በግልጽ ጽፋችሁ፣ የፈተነውን አንድ ጥናት ጨምራችሁ አስተምሩ፤ በፈተናም ላይ ጠይቁት። ተማሪው ከዚያ በኋላ ወደ ግራ ቢሄድ ወደ ቀኝ የራሱ መብት ነው። አውቆ እንዲሄድ ማድረግ ግን የእናንተ ግዴታ ነው።